የዐቢይ ቀመር ቁጥር፦ 532 እና ጠባዩ

(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ ለሒሳብ መምህራን የቀረበ ንግግር)



ከደብረ ታቦር በስተ ሰሜን በምትገኘው በእብናትና በአካባቢዋ፣ እንደ ሌላው የደጋ አገር ሁሉ፣ ልጅ የሚዳረው አዝመራው ከተሰበሰበ፣ ጥምቀትም ካለፈ በኋላ፣ ዐቢይ ጾም ሳይገባ ነው። ይህ ጊዜ ግን በየዓመቱ እኩል አይደለም። ሁዳዴ ቢፈጥን የካቲት 1 ቀን፣ ቢዘገይ መጋቢት 5 ቀን ይገባል። ስለዚህ ጥር 11 ቀን ታቦቱ ከወንዝ ከተመለሰ በኋላ ለሠርግ የሚቀረው ጊዜ በአንዱ ዓመት ሦስት ሳምንት እንኳ አይሞላም፤ በሌላው ዓመት ደግሞ ከሰባት ሳምንት ይበልጣል። ጠጅ የሚጥለው፣ ሠንጋ የሚያደልበው፣ ቅቤ ወደ ገበያ የሚያወጣው ሁሉ ይህን ቀን አስቀድሞ ማወቅ ይፈልጋል። የሚጠየቀውም የደብሩ መሪጌታ ነው። መሪጌታው ቀኑን ለመናገር ወደ ሰማይ አያንጋጥጥም፤ ጨረቃዋንም ወጥቶ አያይም። የዓመቱን ቁጥር ይይዛል፣ ይገድፋል፣ የተረፈውን ይናገራል።

ደብረ ታቦር በአቋቋም፣ የጋይንቷ ቤተ ልሔም በድጓ፣ ዙር አምባ በዝማሬና በመዋሥዕት ስማቸው የተጠራ አድባራት ናቸው። ዜማው ብዙ ተብሎለታል። ዜማው በየትኛው ቀን እንደሚቆም የሚወስነው ሒሳብ ግን፣ ማለት ባሕረ ሐሳብ፣ ከሒሳብ መምህራን ዘንድ የሚገባውን ያህል ትኩረት አላገኘም። ለዛሬው ንግግር ርእስ የሆነው የዚህ ሒሳብ ምሰሶ የሆነው አንድ ቁጥር ነው፤ ይኸውም 532 ነው።

መንገዱን በአንድ ዓመት ማየት ይበቃል። 2016 ዓ.ም. ይወሰድ። በላዩ 5500 ሲጨመር ዓመተ ዓለም 7516 ይሆናል። ይህ ለ4 ሲካፈል 1879 ይደርሳል፤ የሚተርፍ የለም። አንድ ቢተርፍ ማቴዎስ፣ ሁለት ቢተርፍ ማርቆስ፣ ሦስት ቢተርፍ ሉቃስ፣ ምንም ባይተርፍ ዮሐንስ ስለሆነ፣ ዘመኑ ዘመነ ዮሐንስ ነው። 1879 መጠነ ራብዒት ይባላል፤ ከ7516 ጋር ተደምሮ 9395 ይሆናል፤ በ7 ሲገደፍ 1 ይተርፋል። ጥንተ ቀመር ማክሰኞ ነውና አንድ ሲተርፍ ማክሰኞ ነው፤ መስከረም 1 ቀን 2016 ዓ.ም. የዋለውም ማክሰኞ ነበር። እንደ ገና 7516 በ19 ሲገደፍ 11 ይተርፋል፤ አንዱ ሲቀነስ ወንበሩ 10 ነው። ወንበሩ በ11 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ አበቅቴ 20፣ በ19 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ መጥቅዕ 10 ይወጣል። መጥቅዕ ከ14 ስላነሰ በዓለ መጥቅዕ በጥቅምት ነው፤ ጥቅምት 10 ቅዳሜ ይውላል፤ የቅዳሜ ተውሳክ 8 ነው፤ 10 እና 8 ተደምሮ መባጃ ሐመር 18 ነው። ነነዌ የካቲት 18 ቀን ይገባል ማለት ነው። በመባጃ ሐመሩ ላይ የትንሣኤ ተውሳክ 9 ሲጨመር 27 ይሆናል። በ2016 ዓ.ም. ትንሣኤ የዋለው በእውነትም ሚያዝያ 27 ቀን ነው።

ከዚህ ሁሉ መገደፍ ውስጥ የሒሳብ ሰው ሊያስተውለው የሚገባ ነገር ይህ ነው፦ 7516 ትልቅ ቁጥር ቢሆንም ትልቅነቱ በሥራው ውስጥ አይገባም። የሚገባው ተረፉ ብቻ ነው፤ ያውም በ4፣ በ7 እና በ19 ሲገደፍ የሚተርፈው። እንግዲህ ሁለት ዓመቶች በነዚህ ሁሉ ተመሳሳይ ተረፍ ቢኖራቸው፣ በመካከላቸው የቱንም ያህል ዘመን ቢኖር፣ ጾማቸውና በዓላቸው አንድ ቀን ይሆናል። ይህ የሚሆነው በስንት ዓመት ነው ቢባል፣ 4 እና 7 እና 19 የጋራ አካፋይ ስለሌላቸው፣ ከሁሉ የሚያንሰው የጋራ ብዜታቸው ራሱ ብዜታቸው ነው፤ 4 ጊዜ 7፣ 28፤ 28 ጊዜ 19፣ 532። ከ2016 ላይ 532 ሲቀነስ 1484 ነው። በዐፄ እስክንድር ዘመን በነበረው በዚያ ዓመት ትንሣኤ ሚያዝያ 27 ቀን ዋለ። ዘመነ ዮሐንስም ነበረ፤ መስከረምም በማክሰኞ ገብቷል።

ቁጥሩ 12 አካፋዮች አሉት፤ እነርሱም 1፣ 2፣ 4፣ 7፣ 14፣ 19፣ 28፣ 38፣ 76፣ 133፣ 266 እና ራሱ 532 ናቸው። ሊቃውንቱ ለሁሉ ስም አላወጡም፤ የሚጠቅመውን መርጠው ሰየሙ። 7 ዐውደ ዕለት ነው። 19 ዐውደ አበቅቴ ነው፤ ንዑስ ቀመርም ይባላል። 28 ዐውደ ፀሐይ ነው፤ በእርሱ ዕለትና ወንጌላዊ ይገናኛሉ። 76 ዐውደ ማኅተም ነው፤ ማዕከላዊ ቀመር የሚባለውም ይኸው ነው፤ በእርሱ ወንጌላዊና አበቅቴ ይገናኛሉ። 532 ዐውደ ቀመር፣ ዐቢይ ቀመር ነው፤ በእርሱ ሦስቱም፣ ዕለትና ወንጌላዊና አበቅቴ፣ በአንድነት ይገናኛሉ።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ይነሣል። ለዕለትና ለወንጌላዊ 28፣ ለወንጌላዊና ለአበቅቴ 76 ከተሰጠ፣ ለዕለትና ለአበቅቴ 133 (7 ጊዜ 19) ስም ያልተሰጠው ስለ ምንድር ነው? ተረስቶ ይመስላል፤ ነገር ግን አይደለም። በ133 ዓመት ውስጥ ከ365 ቀን በላይ የሚተርፉት ጳጉሜን 6 የምትሆንባቸው ቀኖች 33 ወይም 34 ናቸው። 133 በ7 ያለ ተረፍ ሲገደፍ እነዚህ ግን 5 ወይም 6 ይተርፋሉ፤ ስለዚህ ዕለቱ ወደ ነበረበት አይመለስም። ዕለት ያለ ወንጌላዊ ብቻውን ዑደት የለውም፤ ሁልጊዜ ከ4 ጋር ተጣብቆ በ28 ይዞራል። ስም ያልወጣለት አካፋይ ዑደት ያልሆነ አካፋይ ነው። ሊቃውንቱ ይህን በማረጋገጫ ባይጽፉትም በስም አወጣጣቸው መስክረውለታል።

ስለ አበቅቴና መጥቅዕም ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። የሁለቱ ድምር ሁልጊዜ 30 ነው። ተማሪው ይህን በቃሉ ይይዘዋል፤ ምክንያቱ ግን ቀላል ነው፤ አንዱ ወንበርን በ11፣ ሌላው በ19 ያበዛል፤ 11 እና 19 ሲደመሩ 30 ናቸው። እንደዚሁም 19 ወንበሮች 19 የተለያዩ መጥቅዖች ይሰጣሉ፤ 30 ቀኖች ስላሉ 11 ቁጥሮች መጥቅዕ ሳይሆኑ ይቀራሉ፤ እነርሱም 1፣ 3፣ 6፣ 9፣ 11፣ 14፣ 17፣ 20፣ 22፣ 25 እና 28 ናቸው። ከነዚህ መካከል 14 መኖሩ ልብ ይባል። ሕጉ «መጥቅዕ ከ14 ቢበልጥ በመስከረም፣ ቢያንስ በጥቅምት» ይላል እንጂ «14 ቢሆንስ?» ብሎ አይጠይቅም። ጥያቄው ስለማይነሣ ነው። ከወንበር 18 ወደ አልቦ ሲታለፍ ደግሞ አበቅቴ በ11 ፈንታ በ12 ይዘላል፤ 19 ጊዜ 11 209 ስለሆነና በ30 ሲገደፍ 29 ስለሚተርፍ፣ የጎደለችው አንዲት ቀን እዚያ ላይ ትሞላለች።

አሁን ዓመቱ ወደ ቀን ይመንዘር። 532 ዓመት 194,313 ቀን ነው። ይህ ቁጥር ሲተነተን 3 ጊዜ 7 ጊዜ 19 ጊዜ 487 ይሆናል። 3 እና 487 ተባዝተው 1461 ይሰጣሉ፤ ይህም የአራቱ ወንጌላውያን ዘመን በቀን ሲቆጠር ነው። 7 የሳምንት ነው፤ 19 የጨረቃ። እያንዳንዱ አካፋይ ባለቤት አለው፤ ትርፍ አካፋይ የለም። ደግሞም 194,313 ለ7 ሲካፈል 27,759 ሳምንት ይሆናል፤ የማዕከላዊ ቀመር 76 ዓመትም በቀን ሲቆጠር 27,759 ቀን ነው። የማኅተሙ ቀን የቀመሩ ሳምንት ነው ማለት ነው። ለተማሪ ሲነገር ተአምር ይመስለዋል፤ 532 የ76 ሰባት እጥፍ መሆኑ ሲታወሰው ግን ይስቃል።

ይህ ሀብት የአንድ አገር ብቻ አይደለም። የ19 ዓመቱን ዑደት የአቴናው ሜቶን ከልደተ ክርስቶስ በፊት በ432 ዓመት አስታውቆታል፤ ካሊጶስ በሚቀጥለው መቶ ዓመት አራት እጥፍ አድርጎ 76 አደረሰው። ቤተ ክርስቲያናችን የስሌቱን ሥርዓት ለእስክንድርያው ሊቀ ጳጳሳት ለድሜጥሮስ ትሰጣለች፤ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የነበረው የግብጽ ሊቅ አቡሻክር የጻፈው መጽሐፍም ወደ ግእዝ ተመልሶ የኢትዮጵያ ሊቃውንት መማሪያ ሆኗል። በምዕራብ የአኪቴኑ ቪክቶሪየስ በ457 እ.ኤ.አ. የ532 ዓመት ሠንጠረዥ አዘጋጅቷል። ከተለያዩ ተረፎች አንዱን ቁጥር የማግኘቱን ብልሃት ደግሞ የቻይናው የሱን ዙ መጽሐፍ በ3፣ በ5 እና በ7 አሳይቶታል፤ ጋውስ በ1801 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የቁጥር ትምህርት መጽሐፉ በሥርዓት አስቀምጦታል። የዛሬው ተማሪ ይህን ብልሃት የሚማረው በቻይናው ስም ነው። በየደብሩ እቃ ቤት ስንት ምሳሌ ተቀምጦ ሳለ!

ምሳሌውም ከዚህ የሚከተለው ነው። የብራና መጻሕፍት ጸሐፊዎች በመጨረሻው ገጽ ላይ ብዙ ጊዜ የዓመቱን ቁጥር አይጽፉም፤ ወንጌላዊውንና አበቅቴውን፣ አንዳንዴም መጥቅዑንና የተፈጸመበትን ዕለት ይጽፋሉ። እንበልና በእብናት አካባቢ ካሉ ገዳማት ባንዱ የሚገኝ መጽሐፍ፣ «በዘመነ ሉቃስ፣ አበቅቴ 12፣ መጥቅዕ 18፣ ኅዳር 12 ቀን በዕለተ ሰኑይ ተፈጸመ» ቢል፣ መቼ ተጻፈ? መጥቅዑ ከአበቅቴው የተለየ ነገር አይናገርም፤ ድምራቸው 30 ስለሆነ ሁለት ምስክር መስለው አንድ ምስክር ናቸው። ጥቅማቸው ጸሐፊው ቢሳሳት ስሕተቱን መግለጥ ነው። አበቅቴ 12 የሚሆነው ወንበር 12 ሲሆን ብቻ ነው፤ ስለዚህ ዓመተ ዓለሙ በ19 ሲገደፍ 13 ይተርፋል። ሉቃስ ነውና በ4 ሲገደፍ 3 ይተርፋል። 13፣ 32፣ 51 እያሉ በ19 ሲጨምሩ፣ በ4 ተገድፎ 3 የሚተርፈው መጀመሪያ 51 ነው። ከዚያ በኋላ በየ76 ይመለሳል።

አሥራ አራተኛው ዐቢይ ቀመር ከ1417 ዓ.ም. እስከ 1948 ዓ.ም. ያለው ነው። በዚህ ውስጥ የተባለውን ምልክት የያዙ ዓመቶች ሰባት ናቸው፤ 1467፣ 1543፣ 1619፣ 1695፣ 1771፣ 1847 እና 1923። የመጨረሻዎቹ ሁለቱ የታወቁ ናቸው። ዐፄ ቴዎድሮስ በደረስጌ ማርያም ዘውድ የጫኑት በ1847፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በአዲስ አበባ የነገሡት በ1923 ዓ.ም. ነው። ሁለቱ የንግሥ ዓመቶች በወንጌላዊና በአበቅቴ አይለዩም፤ በመካከላቸው ልክ አንድ ማኅተም አለ። የሚለያቸው ዕለት ነው። ከመስከረም 1 እስከ ኅዳር 12 ያለው ርቀት 71 ቀን ነው፤ በ7 ሲገደፍ 1 ይተርፋል፤ ኅዳር 12 ሰኞ ከሆነ መስከረም 1 እሑድ ነበረ። ሰባቱ ዓመቶች በቅደም ተከተል የሚገቡት በሰኞ፣ በዓርብ፣ በማክሰኞ፣ በቅዳሜ፣ በረቡዕ፣ በእሑድ እና በሐሙስ ነው። ሰባት ዓመት፣ ሰባት ዕለት፤ አንዱም አልተደገመም፣ አንዱም አልቀረ። በ76 ዓመት ውስጥ ዕለቱ በ4 ስለሚገፋና 4 ከ7 ጋር የጋራ አካፋይ ስለሌለው ነው። እሑድ የገባው 1847 ብቻ ነው። መጽሐፉ የተጻፈው ቴዎድሮስ በነገሡበት ዓመት፣ ከንግሡ ጥቂት ወራት ቀድሞ ነው።

ወይም ደግሞ ከዚያ 532 ዓመት በፊት፣ በ1315 ዓ.ም.፣ በዐፄ ዐምደ ጽዮን ዘመን ነው። ቁጥሩ ከዚህ በላይ ሊናገር አይችልም። ይህን የሚለየው የፊደሉ ቅርጽ፣ የብራናው ጠባይ፣ በጸሎቱ ውስጥ የተጠራው ንጉሥና ጳጳስ ነው። በዚህ ስፍራ የሒሳብ መምህሩ ብዕሩን አስቀምጦ የታሪክ ሊቁን መጥራት ይገባዋል።

ይህ የቁጥሩ ድክመት በታሪክ ላይ ትንሽ ጉዳት ብቻ ያመጣ አይደለም። በቀደሙት መጻሕፍት «ዓመተ ምሕረት» የሚለው ቃል ብዙ ጊዜ ዛሬ የሚታወቀውን አቆጣጠር አያመለክትም። ዓመተ ሰማዕታት ከዛሬው ዓመተ ምሕረት በ276 ያንሳል፤ የቀድሞዎቹ ጸሐፊዎች እርሱን በ532 እየገደፉ ተረፉን ብቻ ይጽፉ ነበር። ስለዚህ በአንድ ብራና ላይ «በ77 ዓመተ ምሕረት» የሚል ሲገኝ፣ በ1340 ላይ 77 ተጨምሮ 1417 ዓ.ም. ሊሆን ይችላል፤ ከክርስቶስ ልደት በኋላ 77ኛው ዓመት ነው ብሎ የሚያነብ ግን መጽሐፉን ከ1300 ዓመት በላይ ያስረጀዋል። ለምን 276 ተመረጠ የሚለው ከዲዮቅልጥያኖስ መንገሥ ጋር የተያያዘ ነው፤ ሆኖም 5500 ሲጨመርበት 5776 ይሆናል፤ ይህም 76 ጊዜ 76 ነው። ስለዚህ ወንጌላዊና አበቅቴ ከዓመተ ዓለም ቢቆጠሩ ከዓመተ ሰማዕታት ቢቆጠሩ አንድ ናቸው፤ ዕለት ብቻ በ3 ይለያል። በዓመተ ሰማዕታት የሚቆጥር ጸሐፊና በዓመተ ዓለም የሚቆጥር ጸሐፊ በሁለቱ ምልክቶች ሳይጣሉ የኖሩት በዚህ ምክንያት ነው። የዘመን አቆጣጠሩን ከታሪክ ጋር አያይዞ ማየት ለሚፈልግ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ «ባሕረ ሐሳብ» ብለው ያሳተሙት መጽሐፍ ከሁሉ የሚቀድም ነው።

ቁጥሩ ከሰማይ ጋርስ ይስማማል? በትክክል አይስማማም፤ ይህን መሸሸግም አያስፈልግም። በ19 ዓመት 235 ጨረቃ ስለምትወልድ በ532 ዓመት 6,580 ጊዜ ትወልዳለች። አንዷ ወር በአማካይ 29.530589 ቀን ስለሆነች፣ 6,580ዋ ተደምራ 194,311.28 ቀን ትሆናለች፤ ቀመሩ ግን 194,313 ይላል። ጨረቃዋ አንድ ቀን ከ17 ሰዓት ያህል ቀድማ ትደርሳለች። ፀሐይማ ከዚህም ይብሳል፤ ከ4 ቀን በላይ ይቀድማል። በ532 ዓመት መጨረሻ ያለ አንዳች ጉድለት የሚመለሰው ሳምንት ብቻ ነው።

ሮማውያን ይህን ለማረም በ1582 እ.ኤ.አ. 10 ቀን ዘለው አዲስ ሥርዓት አቆሙ። ወደ ፀሐይና ወደ ጨረቃ ቀርበዋል፤ የከፈሉት ዋጋ ግን ብዙም አይነገርም። በአዲሱ ሥርዓት የፋሲካ ቀኖች በሙሉ በቅደም ተከተላቸው የሚመለሱት በ5,700,000 ዓመት ነው። ይህም ሙሉ ቁጥር ነው፤ 19ም በውስጡ አለበት። ነገር ግን ሠንጠረዥ የሚሠራለት፣ ተማሪ በቃሉ የሚይዘው፣ ሰው በመብራት ሥር ቁጭ ብሎ የሚያወጣው ቁጥር አይደለም። በእብናት ያለው መሪጌታ ሠርግ ለሚደግሰው ጎረቤቱ መጽሐፍ ሳይገልጥ ቀኑን ሊነግረው የሚችለው ዑደቱ 532 ስለሆነ ነው።

አሥራ አራቱ ቀመሮች በዓመተ ዓለም 7448፣ ማለት በ1948 ዓ.ም. ተፈጽመዋል። መስከረም 1 ቀን 1949 ዓ.ም. ማክሰኞ ዋለ፤ ዘመኑ ማቴዎስ፣ ወንበሩ አልቦ፣ አበቅቴው አልቦ፣ መጥቅዑ 30 ነበረ፤ በዓመተ ዓለም የመጀመሪያው ዓመት እንደተጻፈው ሁሉ። ትንሣኤ በዚያ ዓመት ሚያዝያ 13 ቀን ዋለ። አሥራ አምስተኛው ቀመር በዓመተ ዓለም 7980፣ በ2480 ዓ.ም. ይፈጸማል። ይህም ስካሊጀር የተባለው ፈረንሳዊ ሊቅ በ1583 እ.ኤ.አ. 28ን እና 19ን በሮማውያን የ15 ዓመት የግብር ዘመን አባዝቶ ለዓለም ታሪክ መቁጠሪያ ያወጣው ቁጥር ነው፤ የሥነ ፈለክ ሰዎች እስከ ዛሬ ቀናቸውን የሚቆጥሩት ከእርሱ ተነሥተው ነው። መስከረም 1 ቀን 2481 ዓ.ም. እንደ ገና ማክሰኞ ይውላል።